የደባርቁ የባሕር ጦርነት

ደባርቅ ላይ የተራራ አስጎብኚ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ እንግዳ ይዞ ተራራ መውጣት እንጂ ቤት ተቀምጦ እንግዳ ማጫወት አልነበረም። አንድ ክረምት ግን ከእንግዶቼ አንዱ፣ ሽበታም ረጅም ፈረንጅ፣ ጉልበቱ አብጦ መራመድ አቃተው። ጓደኞቹ ከሌላ አስጎብኚ ጋር ተራራው ላይ ወዳለው የጨነቅ ካምፕ ሲወጡ እኔ ከእሱ ጋር ባረፉበት ፔንሲዮን ውስጥ ቀረሁ።

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሰውየው ሻንጣውን ከፍቶ አንድ የእንጨት ሣጥን አወጣ። ውስጡ አውራ ጣት የማያህሉ የብረት ሰዎች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ቀይ ኮት ለብሰው ጠመንጃ ይዘዋል፣ ግማሾቹ ራሳቸውን በጨርቅ አስረው ጎራዴ መዘዋል።

"እነዚህ የቅኝ ገዢ ወታደሮች ናቸው፤ እነዚያ ደግሞ የባሕር ወንበዴዎች" አለኝ። "ቀለሙን የቀባኋቸው እኔ ነኝ።"

የኮታቸው ቁልፍ ሳይቀር ይታያል።

ጨዋታውን አስተማረኝ። እያንዳንዱ ሰው የሚራመደው በልብስ ሰፊ ሜትር እየተለካ ነው፤ ሲተኩስ መምታት አለመምታቱን ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበት ዳይስ ይወስናል፤ ስድስት ይመታል፣ አንድ ይስታል። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ሸራ ዘርግተን ባሕር አደረግነው። ከግቢው ድንጋይ ለቅሜ ደሴት ሠራሁ፤ ጦስኝ ቆርጬ ጫካ አበጀሁ። ወታደሮቹ የእሱ፣ ወንበዴዎቹና ከሣጥኑ የወጣች አንዲት ትንሽ መርከብ የእኔ ሆኑ።

ገና ስንጀምር የፔንሲዮኑ ባለቤት ባቄላ በሰፌድ ይዛ ልትለቅም መጣች።

"ምን ነካህ? ሽማግሌውን አጫውት ብንልህ አንተም ልጅ ሆንህ?"

"የባሕር ላይ ጦርነት ነው፣ እትዬ።"

"እኔ የማውቀው ባሕር ቁልቁለቱ ሥር ድብ ባሕር የሚሉትን አገር ነው፤ እሱም ስሙ እንጂ ውኃው የለም" አለች። ቢሆንም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ጥቂት ቆይቶ የነፍስ አባቷ ዝናቡን ሸሽተው ገቡ። መስቀላቸውን ተሳለምን። ጋቢያቸውን አራግፈው ጠረጴዛውን ትኩር ብለው አዩት።

"እኒህ እነማን ናቸው?"

ነገርኋቸው።

"ደሴቱስ የማን ነው?"

ለእንግዳው ተረጎምሁለት። አሰብ አደረገና፣ "በጨዋታው ሕግ የማንም አይደለም" አለ።

"እንዴት ያለ ነገር ነው? የአገሩ ሰው የታለ?"

ይህንንም ስተረጉምለት እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "ስንት ዘመን ስጫወት ይህን የጠየቀኝ የለም። እነሱን አልሠራኋቸውም!"

የፔንሲዮኑ ባለቤት ከሰፌዷ አንድ እፍኝ ባቄላ ዘግና ድንጋዮቹ መካከል በተነችው።

"ይኸው የአገሩ ሰው። አለቃቸው እኔ ነኝ።"

ጨዋታው እዚያ ላይ ደራ። ቄሱን ዳይስ ይጣሉ ብንላቸው፣ "በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ የተጣጣሉት ይበቃሉ፤ እኔስ ዳኛ ልሁን" አሉ። ዳኝነታቸውም የዋዛ አልነበረም። ሜትሩን ትንሽ ሳብ ሳደርግ፣ "ልጄ፣ መልሰው!" ይሉኛል።

እትዬን በጆሮዋ፣ "አብረን ወታደሮቹን እንምታ" አልኋት።

"ከሌባ ጋር?" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ።

እንግዳው ደግሞ፣ ከወንበዴ እጠብቅሻለሁ ብሎ ላከባት። አስተርጓሚው እኔው ነኝና የጠላቴን መልእክት በገዛ አፌ አደረስሁ።

"እግዜር ይስጥልኝ በለው። መጀመሪያ እናንተ ጨርሱ" አለች።

ጨረስን። ወንበዴዎቼ አለቁ፤ የእሱም ጥቂት ብቻ ተረፉ። ባቄላዎቹ ያን ሁሉ ጊዜ ከጦስኙ ጀርባ ዝም ብለው ቆይተው፣ የተረፉት ወታደሮች ወደ መርከቧ ሲወርዱ ወጡባቸው። እትዬ ዳይሱን በሁለት እጇ አሽታ ወረወረችው። ስድስት! ደገመች፤ አሁንም ስድስት። መርከቧን ማረከች። እልልታዋን ስታቀልጠው የወጥ ቤት ሠራተኞቹ ማን ወለደ ብለው ሮጠው መጡ። የተሸነፈው እንግዳዬ ከሁሉም በላይ ያጨበጭባል።

ጓደኞቹ በስብሰው ከጨነቅ ሲመለሱ የዋልያ ፎቶ ይዘው ከበቡት። ቀርቶበታል ብለው አዝነውለት ነበር። እሱ ግን ፎቶውን ሳያይ የባቄላዎቹን ገድል ይተርክላቸው ጀመር።

ሣጥኑን ይዞ ሄደ፤ ስንት የለፋበት ነው። እኛ ደግሞ ከቆርኪ ወታደር ሠራን። አሁን ክረምት ሲገባና ሥራ ሲቀዘቅዝ አስጎብኚውም፣ ጠመንጃ ይዞ ፓርኩን የሚጠብቀው ስካውትም ፔንሲዮኑ ውስጥ ይሰበሰባል። ባለፈው ክረምት ከአምቢኮ መንደር የመጣ አንድ ስካውት ከመተኮሴ በፊት ካልፎከርሁ አለ። አሁንም ዳኛችን የሆኑት ቄስ ፈቀዱለት። ወንበር ላይ ወጥቶ እየተንጎራደደ ፎከረ፣ አባቶቹን ጠራ፣ እኛም አጨበጨብን። ከዚያ ወርዶ ዳይሱን ጣለ።

አንድ ወጣችበት።