አክስቴ የታሰረችበት ምሰሶ

ጣሊያን ቡታጅራ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ ያስቋረጠኝ እሱ ነው። ፊደል እለያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ብዙ አላውቅም። አፍ ግን አለኝ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አክስቴን ልጠይቅ ብሄድ ቤቷ መሀል ምሰሶ ላይ በገመድ ታስራ አገኘኋት።

"ማነው ያሰረሽ?"

"ያው እሱ ነዋ።" በአገጯ ወደ ደጅ አሳየችኝ።

እሱ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ደጅ ተቀምጦ የእንሰት ቃጫ ይገምዳል። ሌላ ገመድ መሆኑ ነው።

"ሙሽራ ናት እንዴ ከቤት አትወጣም የምትላት?" አልኩት።

"ልጇ ከዘመተ ወዲህ ካሚዮን በመጣ ቁጥር ልጄ አለበት ብላ መንገድ መሀል ትገባለች። ትናንት ለጥቂት ነው የተረፈችው። አንተ ትጠብቃታለህ?"

እውነት ይመስላል። እኔ ደግሞ እውነት የሚመስል ነገር አልወድም። የእንሰቱ ጓሮ የእሷ ነው። ልጇ የለም። አእምሮዋ ጠፋ ከተባለ ጓሮው ለማን ነው?

ጎረቤቶች የጣሊያኑ ሹም ጋ ክሰስ አሉኝ። ሰው ለማስፈታት አሳሪ ጋ ይኬዳል? ጀፎረ ሄድኩ። ቤቶቹ ፊት ባለው ሰፊ ሣር ላይ ሽማግሌዎቹ ነገር ሲሰሙ ነው የሚውሉት። ተነስተው መጡ። የአንደኛው ሽማግሌ ልጅ ለጣሊያን አስተርጓሚ ስለነበር፣ አባትየው ባለበት ሁሉም ቃሉን እየመረጠ ነው የሚናገረው።

አክስቴን ፈተው ሣሩ ላይ አስቀመጧት።

"ዛሬ ምን ቀን ነው?" አላት ትልቁ ሽማግሌ።

"ገበያ የሌለበት ቀን።"

"አገሩን ማነው የሚገዛው?"

እሷ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። "ይህን እናንተስ ታውቃላችሁ?"

የአስተርጓሚው አባት ጉሮሮውን ጠራረገ። ሌሎቹ መሬት መሬቱን አዩ።

"ይኸው፣ ሰምታችኋል። ጤነኛ እንዲህ አይመልስም" አለ የባሏ ወንድም።

"አባቶቼ" አልኩ፣ "ስለ መንግሥት ምን አስጠየቃችሁ? የምታውቀውን ጠይቋት እንጂ። ጓሮ ውሰዷት።"

ወሰዷት። እንሰቱን እየዳሰሰች፣ "ይህ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ይህ ጓርዬ ነው፣ አጥንት ለተሰበረ ነው የሚበላው፣ አትንኩት" እያለች ሄደች። ጥጉ ጋ ስትደርስ ቆመች። "እዚህ ሦስት የደረሱ ነበሩ። ማነው የነቀላቸው?"

እኔ የባሏን ወንድም አየሁት። ሽማግሌዎቹም አዩት።

"ዓመቱን ሙሉ ከምን የማበላት መሰላችሁ?" አለ። "ወላሂ አንዱንም ለራሴ አልወሰድኩም።"

እኔ አላመንኩትም። ትልቁ ሽማግሌ ግን እኔንም በጎሪጥ አየኝ። "አንተስ? የአክስትህን ቤት መንገድ ዛሬ ነው ያወቅከው? ጓሮው ሸቶህ እንዳይሆን።"

ከእንሰቱ ጥግ ፈቀቅ አልኩ።

ፈረዱ። "የጠፋባት ነገር አለ፣ ያልጠፋባት አለ። ለጠፋባት ብለን ያልጠፋባትን አናስርም። ገመዱ ይቅር። እንሰት ሲነቀል እሷ ታሳይ። መንገድ ስትወጣ ደግሞ ይህ ባለ አፍ አብሯት ይሂድ።"

ገመዱን ልጥል ስይዘው ነው ያየሁት። እጇን በሚነካበት በኩል ጨርቅ ተጠቅልሎበታል። ጨርቁ ቅቤ ተቀብቷል፣ ያውም ትኩስ ቅቤ። ማን እንደቀባው አልጠየቅኩም። መልሱን ፈርቼ ይሆናል።

በማግስቱ ይዣት ወጣሁ። ካሚዮኑ ከቡኢ በኩል አቧራውን እያስነሳ ሲመጣ ወደ መሀል ተራመደች። ሳላስበው እጇን ጨመደድኩ።

"አንተም?" አለችኝ።

ለቀቅኳት። እሷ ዳር ላይ ቆመች። ካሚዮኑን ከፊት እስከ ኋላ አየችው።

"የለበትም" አለች። ተመለስን።

የባሏ ወንድም ደጅ ቆሞ ይጠብቀናል። እኔን ሰላም አላለኝም። ቀጥ ብሎ መጣና እጇን ገልብጦ አየ፤ ጣቶቼ ያረፉበት ቀልቷል።

"ምን አድርገሃት ነው?" አለኝ።