አፎቻው መሃል የገባው ስልክ

ስለ መሄድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከሌሊት ነው የሚጀምረው። እኔ ግን የመጨረሻዋን ሌሊት ድብን ብዬ ተኝቼ ነው ያደርኩት፤ ከሐረር የወጣሁትም ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ኤረር በር ላይ ደህና ከሞቀች በኋላ ነው። የአዲስ አበባው አውሮፕላን ከድሬዳዋ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ስለነበር የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም። እናቴ በዚሁ የከተማ በር አጠገብ ቁጢ ትሸጣለች፤ ቁጢ የደረቀ የቡና ቅጠል ነው፣ እኛ ጋ በወተትና በጨው አፍልተን እንጠጣዋለን። የዚያን ቀን እንኳ ሱቋን አልዘጋችም። «ደንበኛ ይመጣል» አለችና ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ሳመችኝ፣ ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ፌስታል ቁጢ ከተተች፣ አበቃ። በእሷ ፋንታ ያለቀሱት ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ናቸው። ልጃቸው አብዲ ሳዑዲ ከሄደ ወዲህ ሻንጣ ባዩ ቁጥር ያለቅሳሉ።

ይህን የምጽፈው «ሰሚራ፣ እንዴት ጀመርሽው? እኛም በስልካችን ሀብታም እንሁን» እያላችሁ በየቀኑ ለምትጽፉልኝ ነው። ሁሉንም እነግራችኋለሁ፣ ደስ የማይለውንም ጭምር።

ጀርመን ስገባ መጀመሪያ ያነጋገረኝ የጉምሩክ ሰው ነው። ፌስታሉን አንጠልጥሎ፣

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቅጠል።»

«የምን ቅጠል?»

«የቡና።»

«ቡና ፍሬ ነው።»

«እኛ ጋ ቅጠሉም ይጠጣል።»

«ስትጠጡት ምን ይሰማችኋል?»

«ምንም። ቁርስ ነው።»

ባልደረባውን ጠራው፣ ሁለቱም አሸተቱ፣ ከዚያ ውሻ መጣ። ውሻው አንዴ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ቁጢዬ ግን እዚያው ቀረ፣ እኔም ባዶ እጄን ባቡር ተሳፈርኩ።

የመጣሁት በነርስነት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ልሠለጥንና ልሠራ ነው። ከተማዋ ትንሽ፣ ንጹሕና ጸጥ ያለች ናት። እኛ ሠፈር ጎረቤት ምን እንደጠበሰ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ፎቅ ላይ ማን እንደሚኖር ያወቅሁት ሰውየው ሞቶ ዕቃው ሲወርድ ነው። ዳቦአቸው ጥሩ ነው፣ ውሸት አልናገርም፣ ግን ሰው ሁሉ የየራሱን ቆርጦ ለየብቻው ይበላል። ብርዱንስ ተዉት። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው እናት አጥቤና አልብሼ ስመለስ የራሴን እናት ድምፅ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። እሁድ እሁድ ረዘም አድርገን እናወራ ነበር፣ አንድ ቀን አከራዬ በሬን አንኳኳች።

«እሁድ ቀን ሩኤ ነው» አለች። ሩኤ የሚሉት ጸጥታን ነው፣ ሕግ አለው። «አንቺ ትጮሂያለሽ።»

«አልጮህኩም፣ ከእናቴ ጋር እያወራሁ ነው።»

«እናትሽ መስማት ይቸግራቸዋል?»

«አይ፣ ሩቅ ናት።»

ትንሽ አሰበችና፣ «ርቀቱን እኮ ስልኩ ያውቀዋል» ብላኝ ወረደች።

ነገሩ የተጀመረው በድንገት ነው። ለነርሶች የጀርመንኛ ቃላት የማስተምርበት ትንሽ ገጽ ነበረችኝ፤ ላይቭ ስገባ ሁለት መቶ ሰው ከመጣ አልሐምዱሊላህ ነው። አንድ ቀን ላይቭ ላይ እያለሁ እናቴ ደወለች፣ ጣቴ ስቶ አስገባኋት። «አቦ፣ ፊትሽ ምን ሆነ? ያ አላህ! ጀርመን ምግብ የለም እንዴ? የታመመው ማነው፣ አንቺ ነሽ ወይስ አሮጊቶቹ?» አለችኝ። ሰዉ በሳቅ ሞተ። እስክንጨርስ ሦስት ሺህ ሰው ገብቶ ነበር። በማግስቱ «እማ የታለች?» የሚል መልእክት ስልኬን ሞላው።

እንግዲህ ሙያው ይኸውላችሁ። ሰው የሚቆየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴኮንዶች ከተያዘ ነው። የእናቴ ሰላምታ ደግሞ አያልቅም፤ ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ሥራሽ፣ አለቃሽ፣ የአለቃሽ ልጆች፣ አልሐምዱሊላህ፣ እንደገና ጤናሽ። እሷ በጠየቀች ቁጥር ተመልካች ሲወጣ ቁጥሩ ላይ አያለሁ። ስለዚህ «እማ፣ ሰላምታውን ዝለዪው፣ ከቁጣው ጀምሪ» አልኳት። «ሰላም ሳልልሽ?» አለችኝ። ሁለት ሳምንት ተከራከርን፣ በመጨረሻ ለመደችው። ገጹ በዓመት ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ተመልካች በስክሪኑ ላይ ስጦታ ይወረውራል፣ የሻርፕ ነጋዴዎች «እማ የእኛን ትልበስ» ይላሉ፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። የቤታችን ጣሪያ ተቀየረ፣ ሱቋ ሰፋች፣ እናቴ ሚዛኑን የሚይዝላት ሰው ቀጠረች። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ተፈላጊ መሆን ደስ ይላል።

የግብር ቢሮው፣ ፊናንትስአምት የሚሉት፣ ጠራኝ።

«ነርስ ነሽ። ሌላው ገቢ ከምንድን ነው?»

«ከእናቴ ጋር አወራለሁ።»

«ማን ይከፍልሻል?»

«የሚያዩን ሰዎች።»

«ምን ይገዛሉ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ይከፍላሉ?»

«እናቴ ስትቆጣኝ ደስ ይላቸዋል።»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «እናትሽ ተቀጣሪሽ ናቸው ወይስ ሸሪክሽ?» አለኝ። ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ብቻዬን ስቄያለሁ፤ ያኔ ጥያቄው የምር መሆኑ አልታየኝም ነበር።

አሁን ወደ አፎቻው ልምጣ። አፎቻ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፣ ግን ለሐዘን ብቻ አይደለም፤ ለሰርግም ለወሊድም ሴቶቹ ይሰበሰባሉ፣ እዚያ የተባለ ነገር ደጃፍ አይሻገርም። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ አባል ናት። እኔ ደግሞ የእሷ ቁጣ ለተመልካቹ እየተለመደ መጥቶ ቁጥሩ ሲወርድብኝ፣ «እማ፣ ስልኩን ክፍት አድርገሽ መደርደሪያው ላይ ብቻ አስቀምጪው፣ የሴቶቹን ሳቅ ነው የምፈልገው» ብዬ ለመንኳት። ልመና ሲበዛባት እሺ አለች።

የዚያን ቀን የተሰበሰቡት በአዴ ፋጡማ ቤት ነው፣ ለአብዲ ኒካሕ ሊመክሩ። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ሠፈር አንዲት ልጅ ታጭታለት ነበር። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፣ ሰዉም እየገባ ነበር። ከዚያ አዴ ፋጡማ ማልቀስ ጀመሩ። «እህቶቼ፣ ልጄ ሱቅ አለኝ የሚለው ውሸት ነው። ሁለት ዓመት እስር ቤት ነው የከረመው። ለልጅቷ ቤተሰብ በምን አፌ ልንገር?» አሉ። እናቴ ደንግጣ የሻርፗን ጫፍ ስልኩ ላይ ጣል አደረገችበት። ከተሸፈነ የተዘጋ መስሏት ነው፤ እኛ ቤት ያልታየ ነገር እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ምስሉ ጠፋ፣ ድምፁ ግን ቀጠለ። ጥቁር ስክሪን ሰውን ይስባል። አራት ሺህ፣ ስድስት ሺህ፣ ዘጠኝ ሺህ። ላይቩ የእኔ ነው፣ ማጥፊያውም እኔ እጅ ላይ ነበር። አላጠፋሁትም። ቁጥሩን እያየሁ ነበር።

በሳምንቱ ከልጅቷ ቤተሰብ ሽማግሌ መጥቶ እጮኝነቱ ፈረሰ። አፎቻው እናቴን አላባረራትም፣ እንደዚያ አይደረግም። ትመጣለች፣ ቦታ ይለቁላታል፣ ሰላም ይሏታል፤ እሷ ከተቀመጠች በኋላ ግን ስለ ሽንኩርትና ስለ ዝናብ ብቻ ይወራል። ሰው ሁሉ ቦርሳዋን ያያል። «ወላሂ ስልኩን ቤት ትቼው ነው የመጣሁት» ብላ ማለች፣ እነሱ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ እንደ ዜና አንባቢ ደረቅ ነበር። እኔ ግን አፈርኩ፣ አሁንም አፍራለሁ።

«ላይቭ ገብቼ ሕዝብ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኳት።

«ይቅርታውንም ልትሸጪው ነው?» አለችኝ።

ወግ ነው፣ የበደለ ሰው በአካል መጥቶ ሴቶቹ ፊት ይቀመጣል። የመኖሪያ ካርዴ ደግሞ እድሳት ላይ ስለሆነ ከወጣሁ መመለስ አልችልም። እናቴን ከገጹ አወጣኋት፤ ገጹን ግን አልዘጋሁትም፣ የጣሪያው ክፍያ ገና አላለቀም፣ ራሴንም ጻድቅ ለማስመሰል አልጻፍኩም። አሁን የጀርመንኛ ቃላት ነው የማስተምረው፣ ተመልካቹም አንድ በአንድ እየወጣ ነው።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለአዴ ፋጡማ ደወልኩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም አዴ፣ ሰሚራ ነኝ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ስንት ሰው ነው የሚሰማን?»

«ማንም የለም አዴ። እኔ ብቻ ነኝ፣ ወላሂ።»

«አትማዪ።»

ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ማጥፊያው እኔ ጋ እንደነበር፣ እናቴ ምንም ጥፋት እንደሌለባት፣ ካርዴ በደረሰ ማግስት መጥቼ ፊታቸው እንደምቀመጥ። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«አብዲም አሁን ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ‹እማ፣ አጠገብሽ ማን አለ?› ብሎ ነው» አሉ። «ማንም የለም እለዋለሁ። አያምነኝም። ደህና ነኝ ይልና ይዘጋል።»

«አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ሰፈሩ ውስጥ ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋ ይሰማኛል፣ የሆነች ሴት ደጃፉ ላይ ስማቸውን ጠራች።

«ሰው መጣብኝ» አሉ። «ደህና ሁኚ ልጄ። ለሚሰሙትም ሰላም በዪልኝ።»