ያያት በእርሳስ የገለበጣቸው ዛፎች

ጊላንግ ሲደውል ቤት ውዬ ለምሳ ኦንቾም፣ ከኦቾሎኒ የሚሠራ የቦካ ቂጣ፣ እየጠበስኩ ነበር። ጊላንግ በቡድናችን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፈው ነው፤ በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም። እኔን ቴህ፣ ባሌን ካንግ ይለናል፤ እህቴ፣ ወንድሜ እንደማለት ነው።

«ቴህ ኔንግ፣ ቆመሻል ተቀምጠሻል?»

«መጥበሻው ላይ ነኝ፣ ቶሎ በል።»

«እሳቱን አጥፊው።»

አጠፋሁት። ባሌ፣ ያያት፣ የመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ላይ ወድቆ እንደተገኘና ሆስፒታል ሳይደርስ እንዳረፈ ነገረኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ኦንቾሙ በአንድ በኩል ብቻ እንደተጠበሰ ቀረ። የከሰዓቱ ዝናብ ሳይጀምር ቀበርነው።

ያያት ሠላሳ ዓመት የሠራው እዚሁ ቦጎር ከተማ፣ የደረቁ ተክሎች በሚቀመጡበት ቤት ነው። ከጫካ የመጣውን ቅጠልና አበባ በጋዜጣ መሃል አድርጎ ይጫነዋል፣ ያደርቀዋል፣ ከዚያ በወፍራም ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። ከመለጠፉ በፊት አንገቱን አዘንብሎ ብዙ ያየዋል። «ምን ታያለህ?» ስለው «ዘመዶቹን» ይለኝ ነበር። የተማረው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው። እኔ እዚያው ቤት ጽሑፍ አርታኢ ነኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት አለቃችን ፓክ ዊርያ የተክሎችን የዘር ሐረግ የሚያወጣ ፕሮግራም እንሥራ አሉ። ፕሮግራሙ ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ ማን ከማን ቀድሞ እንደተለየ አስልቶ በዛፍ መልክ ይስላል። በመጀመሪያው ስብሰባ ፓክ ዊርያ ሠንጠረዥ አመጡ። ቁልቁል ስማችን፣ አግድም ሙያው፦ ሒሳብ፣ ፕሮግራም፣ ጽሑፍ፣ ፍተሻ። ባለን ሙያ ስር ምልክት ይደረግልናል፤ ሥራው ሲታተም ምልክት ያለው ሰው ስሙ ይወጣል። ያያት ጋ ሲደርሱ ብዕራቸውን አቆሙ።

«አንተን ምን እንበልህ?»

«ሙጫ ይበሉት» አለ ጊላንግ። «ካንግ ያያት የነካው ነገር አይላቀቅም።»

ሳቅን። ያያትም ሳቀ። «ሙጫን አትናቅ፤ ያንተ ፕሮግራም በየሳምንቱ ነው የሚፈርሰው» አለው። ፓክ ዊርያ ከስሙ ጎን «ናሙና መለጠፍ» ብለው ጻፉና አለፉ። ምልክት አላደረጉለትም።

ይሁን እንጂ ዛፎቹን የሚፈትሸው እሱ ነበር። ፕሮግራሙ የሚያወጣውን እያንዳንዱን ዛፍ በአሮጌ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ይገለብጠዋል።

«ካንግ፣ ኮምፒውተሩ ስሎልህ የለ እንዴ?» ይለዋል ጊላንግ።

«እሱ ሲስለው ምኑን አየሁት? እኔ ስስለው ነው የሚታየኝ።»

ባለፈው ዓመት የዱር ሙዞችን ዛፍ እየገለበጠ ነበር። በዛፉ ላይ በየመጋጠሚያው ከመቶ የተሰጠ ቁጥር አለ፤ ያ ዝምድና ምን ያህል እንደሚታመን የሚናገር። ዛፉን ደግሞ በፈለግነው ቅርንጫፍ ይዘን አዙረን ማንጠልጠል እንችላለን። ሲዞር ሥሩ ይቀየራል እንጂ ዝምድናው አይቀየርም። ያያት አመሻሽ ላይ ሁለት ጋዜጣ ቤታችን ወለል ላይ ዘረጋ፤ አንዱ ከመዞሩ በፊት፣ ሌላው ከዞረ በኋላ የተገለበጠ።

«ኔንግ፣ ነይ እስቲ። እዚህኛው ላይ ይሄ ዘጠና ሰባት የማን ነው?»

«የነዚህ የሁለቱ።»

«እዚያኛውስ ላይ?»

«የጎረቤቶቻቸው።»

«አየሽ፣ ሙዞቹ ካሉበት አልተነቃነቁም። ቁጥሩ ነው ቤት የቀየረው። እነዚህን ጎረቤቶች ደግሞ ሃሊሙን ተራራ ላይ የቆረጥኳቸው ራሴ ነኝ። ይህን ያህል አይቀራረቡም።»

እኔ ያሰብኩት የፕሮግራሙን መመሪያ ነው። ገጽ አርባ አንድ ላይ ዛፉ ከዞረም በኋላ ቁጥሮቹን ማመን ይቻላል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጊላንግ ነግሮኝ ነው፤ አልፈተሽኩም።

«ካንግ፣ ነገ እንዳታነሳው» አልኩት። «ፕሮግራሙን የሚያወጡበት ሳምንት ነው። እኔንም ታሳፍረኛለህ።»

«ሰው ያምነዋል እኮ፣ ኔንግ።»

በማግስቱ ጋዜጦቹን ይዞ ስብሰባ ገባና አነሳው። ፓክ ዊርያ ጋዜጦቹን አልዘረጓቸውም።

«ያያት፣ አንተ ቅጠሉን እይልን፤ ቁጥሩን ለእኛ ተወው። ኔንግ፣ መመሪያው ምን ይላል?»

ገጽ አርባ አንድን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ያያት አየኝ። ጋዜጦቹን አራት ቦታ አጠፈና ኪሱ ከተተ። በሞተር ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ አለኝ።

«አጻጻፍሽ ጥሩ ነው። ግልጽ ነው።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ፕሮግራሙ ወጣ፣ አሥራ አንድ ቡድኖች ተጠቀሙበት። ስለ ሙዞቹ የተጻፈውም ሥራ ያ ዘጠና ሰባት በሰው ቤት እንደተቀመጠ ታተመ፣ ያለ ያያት ስም። ያያት መጽሔቱን ሳይገልጠው ጠረጴዛ ላይ አኖረውና ወደ ሙጫው ተመለሰ። መገልበጡን ግን አልተወም። ቁጥራቸው የተሳሳተ አሥራ አራት ዛፎች በእርሳስ ትቶልኛል።

በሰባተኛው ቀን ዱዓ ጊላንግ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሰው ሲወጣ «ጋዜጦቹን ልያቸው?» አለኝ። ሰጠሁት። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ደወለ።

«ቴህ፣ ካንግ ልክ ነበር። ቁጥሩን መጋጠሚያው ላይ አስሬው ነው፤ ከቅርንጫፉ ጋር መሄድ ነበረበት። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም ለማስተካከል።» ከዚያ ጨመረ፦ «ሙጫ አልኩት እኮ።»

አብረን ወደ ፓክ ዊርያ ገባን።

«በለውጦች ዝርዝር ላይ የሥዕል ማሻሻያ ብላችሁ ጻፉት» አሉ። «አሁን ተጠቃሚውን ማስደንገጥ ምን ይጠቅማል? ሟችም ጩኸት አይወድም ነበር።»

«አዎ፣ አይወድም ነበር» አልኩ። «ፓክ፣ ፍተሻ የሚለው ስር ምልክት ያድርጉለት።»

«ሠንጠረዡ እኮ ተዘግቷል፣ ኔንግ።»

ገጽ አርባ አንድን እንደገና ጽፌዋለሁ፤ ያለ ፓክ ዊርያ ፊርማ ስለማይወጣ ጠረጴዛቸው ላይ አለ። ለአሥራ አንዱ ቡድኖች የሚላከውን ደብዳቤም ጀምሬያለሁ፤ አድራሻቸውን ጊላንግ ሰጥቶኛል። ስህተቱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳገኘው፣ የትኞቹ ዛፎች እንደገና መታየት እንዳለባቸው ጽፌያለሁ። ያያት ስህተቱን ሲነግረን ማን ምን አንብቦ እንዳሳፈረው የሚናገረው አንቀጽ ይቀረዋል። አልጻፍኩትም። ደብዳቤው አልተላከም።