እትዬ ደወል ሊሾ ላይ የወጣች ጊዜ

«ወይ እሱ ወይ እኔ! ሰማሽ እማዬ? ወይ ይሄ ሳይክል ከዚህ ቤት ይወጣል፣ ወይ እኔ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ!»

ይቺ የእትዬ ደወል ልጅ ናት። ፋርማሲ ስለምትሠራ ስትቆጣም መድኃኒት የምታዝ ነው የሚመስላት። ጣቷን ቀስራ፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ቆርሳ፣ በአፍንጫዋ። ልክ «ከምግብ፣ በኋላ፣ አንዳንድ» እንደምትለው። እናትየዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሳይክሉን ገልብጣ ከፊቷ አቁማ፣ የጎማው ሽቦዎች መሀል የደረቀውን ሲሚንቶ በማንኪያ እጀታ ትፈቀፍቃለች። ፈቅፈቅ፣ ፈቅፈቅ ብቻ።

«መልሺልኝ እንጂ!»

«ይቺን ጎን ልጨርስ።»

«የሰው ግቢ ገብተሽ፣ ገና ያልደረቀ ሊሾ ላይ ወጥተሽ! ገደል ቢሆንስ ኖሮ? መኪና ቢሆንስ?»

«ሊሾ ነዋ የነበረው። መኪናማ ይጮሃል፣ እሰማዋለሁ።»

«በጆሮ ነው እንዴ ሳይክል የሚነዳው?»

እትዬ ደወል መፈቅፈቋን ቀጠለች። እኛንም ጥያቄው ነካን። እኛ የምለው በሩ ላይ የተኮለኮልነውን ነው፤ በያጁ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ እኔ። ሦስታችንም በአንዴ ጫማችን አማረንና እሱን ማየት ጀመርን። ልጅቷ ንዴቷን የምታደርስበት ብታጣ ጎማውን በእግሯ ጠለዘችው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄኔ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

እትዬ ደወል ልብስ ተኩሳ ታደርሳለች። መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል አለቻት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፤ አንድ ካውያ፣ ገመዱ በፕላስተር የታሰረ፤ ውኃ የምትረጭበት ክዳኑ የተበሳሳ ጠርሙስ። የተኮሰችውን በሳይክል በየቤቱ ታደርሳለች። ከኋላ ጎማው በላይ በያጁ የበየደላት ረጅም ዘንግ አለ። ልብሱ እሱ ላይ በመስቀያ ተደርድሮ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ይሄዳል። ከሩቅ ስታዩዋት ጭንቅላት የሌላቸው ሰዎች አሳፍራ የምትሄድ ነው የሚመስላችሁ። ደወሏ ደግሞ ማረፍ አያውቅም። ቂል፣ ቂል፣ ቂል! ባዶ መንገድ ላይ እንኳ ትደውላለች። ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው፤ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ መታወቂያዋ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ድሮ እሷ ብቻ አልነበረችም። የክር ፋብሪካው ሳይዘጋ ይቺ ከተማ የሳይክል ከተማ ነበረች። በረሃ ነው፣ መሬቱ ሜዳ፤ አቀበት የሚባለውን የምናውቀው በወሬ ነው። የሐሩሩን ወራት ግን ሳይክል እንደ በሽተኛ ቤት ውስጥ ይተኛል። ጎማው ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃላ፤ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል፣ ባልና ሚስት መሬት ተኝተው እሱ ነፋሻው ጥግ ይሰጠዋል። መፀው እያለቀ አንድ ቀን ጠዋት ትነቁና ግድግዳውን ስትነኩት ቀዝቅዟል። በቃ! የዚያን ቀን ሳይክል ሁሉ ይወጣል። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ የሚገባውም የሚወጣውም መንገድ ላይ ይገናኛል፤ መንገዱ አይታይም፣ ደወል ብቻ ነው።

እትዬ ደወል ይሄን ስታወራ ካውያውን ልብስ ላይ ትረሳዋለች።

«ሐሜት ራሱ በሳይክል ነበር» ትላለች። «ሴቶቹ ጎን ለጎን ነው የምንነዳው። ከፊት ያለችው 'እገሌ ጉንፋን ይዞታል' ትላለች። ወሬው እየተቀባበለ ኋላ ያለችው ጋ ሲደርስ እገሌ ሞቶ ተቀብሯል፤ ሚስቱም አግብታለች።»

መንዳት ያስተማራት የፋብሪካው መካኒክ ነበር። የደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ወስዶ፣ ሲወድቁ እንዳያም ነዋ፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል።

«'አልለቅሽም፣ አትፍሪ፣ አልለቅሽም' ይለኛል። እኔ ደግሞ ወንድ ሲምል አላምንም። እውነትም አልለቀቀም! ስወድቅ አብሮኝ ወደቀ፤ አገጩ ተሰነጠቀ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ? አገባሁት።»

ነፍሱን ይማረውና አሁን የለም። ፋብሪካውም የለም። ባጃጅ መጣ፣ ሞተር መጣ፣ ሳይክሉ አንድ በአንድ እየተሸጠ የዶሮ ቤት በር ሆነ። መንገዱ ላይ የቀረችው እሷ ናት።

አሁን ወደ ዓይኗ እንምጣ።

ዓይኗ ውስጥ ግፊት አለ ተብሎ ጠብታ ከታዘዘላት ቆይቷል። ጠብታውን የምታመጣው ልጅቷ ናት፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ልጅቷ ያላወቀችው ሐኪሙ ኋላ ያላትን ነው። እትዬ ደወል ራሷ ነች የነገረችኝ፤ ሐኪሙ እንዲህ መነጽሩን አውልቆ፣ እየጠረገ፣ ቀና ሳይል፦ «እናቴ፣ ግራና ቀኙ ሄዷል። የሄደ አይመለስም። የቀረችውን መሀሏን እንጠብቅ።» ቤት ስትገባ ልጅቷ «ምን አሉሽ?» ብትላት «ጠብቂው አሉኝ» አለች። ውሸት አልተናገረች! ፊት ለፊቷ ያለውን እንደ ንስር ነው የምታየው፣ መርፌ ውስጥ ክር በአንዴ ታስገባለች። ጎኗ የቆመ ግመል ግን የለም። እኔ ሳትነግረኝም ጠርጥሬ ነበር። አንድ ቀን ጎኗ ቆሜ ምላሴን ባወጣባት ምንም አላለችም። አይታ ዝም የምትል ሴት ደግሞ አይደለችም።

ታዲያ እንዴት ነበር የምትነዳው? በጆሮዋ። ወፍጮው ሲያጓራ ወደ ቀኝ። በያጁ ብረት ሲቀጠቅጥ ወደ ግራ። የፀጉር አስተካካዩ ራዲዮ ሲሰማ ቤቷ ደረሰች ማለት ነው።

አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ዝም አለ። እትዬ ደወል መታጠፊያውን አልፋ ሄደች፣ ሄደች፣ የከብት በረት ጋ ደርሳ ተመለሰች። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ አየ። ለማንም አልነገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወፍጮው ቆሞ ደወሏን ከሩቅ ከሰማ ቆርቆሮ በዱላ መምታት ጀመረ። በያጁም ሥራ ሳይኖረው መዶሻውን አንስቶ ባዶ ብረት ይቀጠቅጣል። ፀጉር አስተካካዩ ሰው እየላጨ በክርኑ የራዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ተሰብስበው የተመካከሩት ነገር የለም። አንዱ ሌላውን ሰምቶ ነው። ደወሉ መጣ፣ ኳ ኳ ኳ፤ ደወሉ አለፈ፣ ጸጥ። እኔ በዕድሜዬ አውቄ ያላወራሁት ወሬ ይሄ ብቻ ነው፤ ጨጓራዬን ልጦኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው ያልሰሙት እሷና ልጇ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ከጠቡ አንድ ቀን በፊት ምን ሆነ? ያች ግድግዳ የምትቀዘቅዝበት ጠዋት መጣች። የኛ ከተማ ሰው ብርድ ስለማያውቅ ያለ ልኩ ይፈራዋል። ነፋሱ ትንሽ እፍ ሲልበት ካፖርት ከሳጥን ያወጣል። ስለዚህ እትዬ ደወል ናፍታሊን ናፍታሊን የሚሸቱ ካፖርቶች ተኩሳ፣ ዘንጓን ሞልታ፣ ከሰዓት በኋላ ወጣች። ነፋሱ አሸዋውን አንስቶታል፤ መንገዱ ብጫ ሆኗል፤ ያቺ የቀረቻት መሀልም በአቧራ ተሸፍናለች።

በያጁ ደግሞ ሱቁ አልነበረም። ከሱ መታጠፊያ በፊት ባለው ቅያስ አዲስ ቤት እየተሠራ ነው፤ የግቢውን በር ሊገጥም እዚያ ሄዷል። እሱ ሲናገር እየተንተባተበ ነው፣ እንዲህ፦

«እኔ እኮ... በሩን ልክ አንጠልጥዬ... እኔ እኮ ደወሉን ሰማሁ። ቂል ቂል። እኔ እኮ አላሰብኩም። እጄ ነው። እጄ ራሱ መዶሻውን አንስቶ...»

ኳ! ኳ! ኳ! አዲሱን በር ቀጠቀጠው። እትዬ ደወልም እንደ ወትሮዋ ሳትጠራጠር ወደ ግራ ታጠፈች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ ግንበኛው ተንበርክኮ፣ ወደ ኋላው እያፈገፈገ፣ እንደ መስተዋት ያለ ሊሾ ለስልሶ እየጨረሰ ነው። መጨረሻዋን ሊያለሰልስ ሲል ሳይክል መጣበት።

የፊት ጎማው ሰመጠ። ሳይክሉ ቀጥ አለ። እትዬ ደወል እግሯን ብታወርድ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች።

«ኧረ በፈጠረሽ! ሊሾዬን! ሊሾዬን!» ግንበኛው ራሱን ይዞ ጮኸ።

እሷ ዘንጉን በሁለት እጇ ወደ ላይ ይዛ፦ «ጩኸቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ካፖርቶቹን ተቀበለኝ።»

እሷ ተለውሳለች፣ ሳይክሉ ተለውሷል፣ ካፖርቶቹ ግን አንዲት ጠብታ አልነካቸውም። ይሄንንም በኩራት ነው የተናገረችው።

እንግዲህ ጠብ የሆነው ለዚህ ነው። ልጅቷ «በጆሮ ነው እንዴ የሚነዳው?» ብላ ሁላችንም ጫማችንን ስናይ፣ በያጁ አላስቻለውም።

«እኔ እኮ... ጥፋቱ የኔ ነው። እዚያ መቀጥቀጥ አልነበረብኝም።»

«ብትቀጠቅጥስ? አንተን ከሷ ምን አገናኘህ?»

«አይ... ሁሌ እንቀጠቅጥላታለና። እሱም ቆርቆሮ ይመታል» ብሎ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ጠቆመ።

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ኋላ ፊቷ ተለወጠ። እጇን ቀስ ብላ በእናቷ ጎን፣ ጆሮዋ አጠገብ ዘረጋችና ጣቶቿን አወዛወዘች። እናትየዋ መፈቅፈቋን ቀጠለች።

«ይሄ ስንት ነው እማዬ?»

«ምኑ?»

ልጅቷ እጇን ወደ አፏ ወሰደችው። ከዚያ ወደኛ ዞረች። ያ የፋርማሲ ድምፅ አሁን የለም። «ታውቁ ነበር። ሁላችሁም። አንድ ቀን መኪና ሥር አግኝተን ስናነሳት ምን ልትሉኝ ነበር? ቆርቆሮ መታንላት?»

እውነቷን ነው።

እትዬ ደወል ማንኪያውን መሬት አስቀመጠች። የተቆጣችው በልጇ አልነበረም፤ እንዲያውም ጭራሽ አልተቆጣችም። ፊቷን ሙሉ አዙራ በያጁን መሀል ላይ አስገብታ አየችው።

«ብረት ሳይኖርህም ትቀጠቅጥ ነበር?»

«እኔ እኮ... አዎ እትዬ።»

«ወፍጮውስ?»

«ቆርቆሮ ነው እትዬ» አለ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ አንገቱን ደፍቶ።

እጇ ላይ ያለውን የሲሚንቶ ዱቄት በቀሚሷ ጠረገች።

«እኔ ደግሞ» አለች፣ «ሠፈሩ ሥራ በዛለት ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ሲንኳኳ ሰምቼ አላውቅማ። ሳልፍ ሁሉም እየሠራ ነው። ያ ዘመን ተመልሶ መጣ፣ ልንገረው ነበር የምለው፤ ለዚያ ለመካኒኩ፣ በሐሳቤ።»

ከዚህ በኋላ ጠብ የለም። ልጅቷ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ ሌላ ማንኪያ አምጥታ፣ በሌላኛው ጎን ያለውን ሲሚንቶ ትፈቀፍቅ ጀመር። «ይውጣ» አላለችም፤ «ይቅር» አላለችም። እኛም አንድ በአንድ ሹልክ አልን።

በማግስቱ ደወሉ ሲመጣ ሁላችንም ከየበራችን ብቅ አልን። እትዬ ደወል በእግሯ ናት። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በመንገዱ ጠርዝ፣ ሳይክሉን እየገፋች። ካፖርቶቹ ዘንጉ ላይ ናቸው። መታጠፊያ ስትደርስ ትቆማለች፣ ጭንቅላቷን ግራ ቀኝ ታዞራለች፣ ታልፋለች። ልጅቷ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ትንሽ ራቅ ብላ ትከተላለች። ያልተከተለች ለመምሰል ስልኳን ታያለች፤ ስልኩን ግን ገልብጣ ነው የያዘችው።

የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዱላውን ብድግ አደረገ። ልማድ ክፉ ነው።

«ተው አንተ» አለችው ሳትቆም። «እህል ሲኖርህ ፍጭ።»

ዱላውን አስቀመጠው። በያጁም መዶሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እናንተዬ፣ መንገዱ ዝም አለ! ጎማው አሸዋው ላይ ሲንሿሿ ይሰማል። እሷም ቆም አለችና ሰማችው፤ ለካ ያለ እነሱ ኳኳታ መንገዱ እንዲህ ነበር በሚል ዓይነት ራሷን ነቅንቃ ቀጠለች።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው እሷው ክፍል ውስጥ፣ የተኩስ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። ቅድም ካውያውን አቆመችና የእስክሪብቶዬ ድምፅ የመጣበትን አቅጣጫ ፈልጋ አገኘችኝ።

«ከጠዋት ጀምሮ ምንድነው የምትጭሪው?»

«አንቺን።»

«አንብቢዋ!»

አነበብኩላት። አገጩ የተሰነጠቀው ጋ ስደርስ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «ደሙን አልጻፍሽም፣ ከሸሚዙ ሁለተኛ አልለቀቀም» አለች። የልጅቷን ድምፅ በአፍንጫዬ ሳወጣው «አፈር ብዪ፣ ቁርጥ እሷን!» አለችኝ። ሠፈሩ ሥራ በዛለት ያለችው ጋ ስደርስ ግን ወደ ሥራዋ ዞረች። የውኃውን ጠርሙስ አንስታ ካፖርቱ ላይ ረጨች፤ እንደገና ረጨች፤ ካፖርቱ ረሰረሰ።

«እሱን እንዳለ ጻፍሽው?»

«እንዳለ። ላውጣው?»

«አይ፣ ይቀመጥ።» ካውያውን አንስታ በጣቷ ምራቅ ሞከረችው፤ ጭስስ አለ። «ግን ከዚህ ወዲያ በቃሽ፣ አቁሚ። የቀረው የእግር መንገድ ነው፣ የእግር መንገድ ወሬ የለውም። በይ እስክሪብቶውን ጣይና ይቺን እጅጌ ወጥረሽ ያዥልኝ፤ ባለ ካፖርቱ በርዶት እየጠበቀ ነው።»