ዶላር ወረደ ሲሉኝ የሳቅሁበት ዓመት

ሥራ የጀመርኩት ቦሌ መንገድ ላይ ባለች አንዲት የጉዞ ወኪል ቢሮ፣ በቲኬት ጸሐፊነት ነው። ያኔ ቲኬት በእጅ ይጻፍ ነበር። ቅጠሎቹ ተደራርበው ከጀርባቸው ቀይ ካርቦን ተቀብቷል፤ ከላይ የጻፍከው እስከ ታችኛው ቅጠል ያልፋል። የመጨረሻዋ ቅጠል የመንገደኛው ናት። እኔ ደግሞ የእጅ ጽሕፈቴ እንዲያምር ብዬ ብዕሩን እንደ ላባ አንሳፈፍኩት።

የቢሮው ባለቤት ወይዘሮ ጽጌ የመጀመሪያ ሥራዬን ገልጠው አዩ። የመጨረሻዋ ቅጠል ባዶ ናት።

«ታደሰ፣ ሰውየው የት ሄደ?»

«ናይሮቢ፣ እትዬ።»

«የትም አልሄደም። እዚህ ላይ ሰው የለም። ጫን በል እንጂ! ወረቀት ጻፍ እንጂ ልጅ አባብል ማን አለህ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫን እላለሁ። እስከ ዛሬ እኔ ስጽፍ ጠረጴዛ ይነቃነቃል።

የወይዘሮ ጽጌ ሁለተኛ ሕግ «የተነገረ ዋጋ የተነገረ ነው» የሚል ነበር። ለመንገደኛ ዋጋ ከነገርክ በኋላ የሚመጣ ጉድ ሁሉ የቢሮው ነው። አንድ ጊዜ በሥሌት ተሳስቼ ለአንድ ነጋዴ አሳንሼ ብነግረው ልዩነቱን ቢሮው ቻለው። ሴትዮዋ አልተቆጡም። ወር ሙሉ ግን «ደህና አደርክ፣ ቸሩ ታደሰ?» እያሉ ሰላምታ ሰጡኝ። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

ከቲኬት ጸሐፊነት ወደ በረራ ቦታ ያዥነት አደግሁ። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። እኔም እንደ ለመድኩት ጫን እያልኩ ሁለት የፊደል ሰሌዳ ገደልኩ። በዚህ የተነሳ ከቢሮ አውጥተው የቡድን መሪ አደረጉኝ። በወረቀት ላይ እድገት ይባላል። የሥራ መሣሪያዬ አንዲት ቢጫ ጃንጥላ ሆነች፤ ከፍ አድርጌ እይዛታለሁ፣ ሰው ይከተለኛል። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ በየዓመቱ ለፋሲካ ተሳላሚዎችን ይዤ ኢየሩሳሌም እሄዳለሁ። ጃንጥላዋ አርጅታለች፤ እኔ እንኳ አላረጀሁም፣ ትንሽ ነው የደበዘዝኩት።

ወይዘሮ ጽጌ ካረፉ በኋላ ቢሮውን የያዘው ልጃቸው ብሩክ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግማሹን ቃል በእንግሊዝኛ ቢናገርም የቀረው ግማሽ ይገባኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው በዚያ ዓመት መስከረም ነው። የጉዞውን ዋጋ እንደ ልማዳችን በዶላር ተናገርን፤ ተሳላሚዎች በዕለቱ ምንዛሪ በብር እየከፈሉ ጨረሱ፤ ባንኩም በዚያው ልክ ወደ ውጭ የሚላከውን ዶላር ፈቀደልን። ኢየሩሳሌም የምናድርበት ሆቴል ግን መልእክት ላከ። ከዘንድሮ ጀምሮ ውሉ በዶላር ሳይሆን በአገራቸው ገንዘብ፣ በሼቀል ይሁን አለ፤ የሚከፈለውም ስንደርስ ነው።

ብሩክ አነበበልኝና ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው? ዶላር እኮ ሁሌ ይጨምራል። እስከ ፋሲካ ድረስ ለኛ ፕሮፊት ነው።»

እኔም ዕድሜ ልኬን ዶላር ወደ ላይ ሲሄድ እንጂ ወደ ታች ሲመጣ አላየሁም። ከጠረጴዛው ላይ ብዕር አንስቼ ሰጠሁት። «ፈርም! ጫን ብለህ ፈርም!»

በሁዳዴ አጋማሽ፣ ሰሚት ቤቴ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ብሩክ ደወለ።

«ጋሼ፣ ዶላር ወረደ።»

ሻዩ በአፍንጫዬ እስኪወጣ ሳቅሁ። እንጦጦ ተነስቶ ቃሊቲ ሄደ ያለኝ ያህል ነው። በዚያው ጠዋት እንኳ ባንኩ ደጃፍ ባለው ሰሌዳ ላይ ከትናንቱ ጨምሮ አይቼዋለሁ።

«በብር አይደለም ጋሼ፤ በሼቀል ነው። የሆቴሉን ሂሳብ አሁን ብንከፍል የያዝነው ዶላር አይበቃም።»

ሳቄን ዋጥኩት። ስልኩን ዘግቼ ጉርድ ሾላ፣ ሐጂ ይማም ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ይማም የወሎ ሰው ነው፤ ጨርቅ ይሸጣል፤ ለኡምራ ሲሄድ ቲኬቱን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ነን። ምን እንደ ደረሰብኝ ነገርኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ሰው ስታጓጉዝ ኖረህ ይሄ ጠፋህ?» አለኝ።

«ካወቅክ ንገረኝ፤ ካላወቅክ አትስደበኝ።»

«መጀመሪያ ልስደብህና ከዚያ እነግርሃለሁ።» ጨርቁን አጥፎ አስቀመጠ። «ዶላር ኮንዶሚኒየም ላይ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ነው በለው። ወደ ሦስተኛ ወረደ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶቹ ያዩታል። አንተ ግን የት ነህ?»

«ምድር ቤት።»

«እሱም ቢሆን ደረጃውን ወደ ታች እየወረድክ ነው። ቀና ስትል ሰውየው አሁንም ከላይህ ነው፤ እንዲያውም የራቀህ ይመስልሃል። መውረዱን በምን ታያለህ?»

«አንተስ ኡምራ ስትሄድ ለምን አልጎደለብህም?»

«የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር በአንድ ገመድ የታሰረ ነው፤ ሲወጣም አብሮ ነው፣ ሲወርድም አብሮ ነው። አንተ የምትሄድበት ግን ገመድ የለም።» ከዚያ አሰብ አደረገና «ፈርም ያልከው አንተ ነህ እንዴ?» አለ።

«ጫን ብለህ ፈርም ነው ያልኩት» አልኩት። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው ሐጂ ይማም እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

በማግስቱ ቦሌ ስደርስ ብሩክ ለተሳላሚዎቹ ደውሎ ጨርሷል። እያንዳንዱ ሰው ተጨማሪ ካልከፈለ ቦታው ይሰረዛል፣ ገንዘቡም ይመለስለታል ብሏቸው ኖሯል። ቢሮው ውስጥ እትዬ ዘነበች ተቀምጠዋል። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ በኮንቴይነር ሱቅ ድንችና ሽንኩርት የሚሸጡ ሴት ናቸው። ዕቁባቸው የወጣው ዘንድሮ ነው። ጉልበታቸውን እያሻሹ ያዩኛል።

«ጋሽ ታደሰ፣ አንድ ነገር ያስረዱኝ።»

«ይጠይቁ፣ እትዬ።»

«ዶላር ሲወጣ ማዳበሪያው ተወደደ፣ ናፍጣው ተወደደ ብለው ሽንኩርቱን ጨመሩብኝ። ከፈልኩ። አሁን ወረደ አሉ። ሲወጣም እኔ፣ ሲወርድም እኔ ነኝ የምከፍለው?»

ወደ ብሩክ ዞርኩ። እሱ መልስ አላጣም። «እማማ፣ ይሄ የኤክስቼንጅ ሎስ ነው። ኮንትራክቱ ላይ ተጽፏል።»

«ልጄ፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። ለከርሞ ጠብቂ ካላችሁኝ ደግሞ ይሄ ጉልበት አይጠብቅም። ዘንድሮ እንኳ የሚሄደው በልመና ነው።»

ሴትዮዋን ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው። መልሼ ገባሁና ከብሩክ ፊት ተቀመጥኩ።

«የተነገረ ዋጋ የተነገረ ነው» አልኩት።

«ጋሼ፣ በእማዬ ጊዜ ዶላር እንደ ሐውልት የቆመ ነበር። አሁን እኮ ይንቀሳቀሳል! ከየት ላምጣው? ሰዎቹ ካልጨመሩ ባንክ ተጨማሪ አይፈቅድልኝም።»

እውነቱን ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ቢሮው የሦስት ሰው እንጀራ ነው። «እስከ ነገ ማንንም አትሰርዝ» አልኩት። «ዋጋውም አይጨመርም፣ ሰውም አይቀርም። ያስፈረምኩህ እኔ ነኝ፤ እኔው እጨርሰዋለሁ።» እንዴት እንደምጨርሰው አላውቅም ነበር። ድምፄ ግን የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነበር፤ ይህ የቡድን መሪ ሙያ ነው፤ መንገድ ሲጠፋህ ጃንጥላዋን ይበልጥ ከፍ ማድረግ።

የሆቴሉን ውል አውጥቼ መስመር በመስመር አነበብኩ። አልጋ። ቁርስ። እራት። አውቶቡስ ከጠዋት እስከ ማታ። ቁርስ የሚለው ላይ ቆምኩ።

እኛ የምንደርሰው ለሰሙነ ሕማማት ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከተሳላሚዎቼ ማንም ጠዋት እህል አይቀምስም፤ ከቅዳሴና ከስግደት ሲወጡ መሽቷል። በየዓመቱ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ እርጎው ተደርድሮ ይጠብቃል፤ ማንም አይነካውም። አይቼዋለሁ፤ አፌ ይጾማል እንጂ ዓይኔ ጾሞ አያውቅም። ማታ ደግሞ ዶሮ ይቀርባል፤ ሰዎቼ ዶሮውን አልፈው ዳቦና ቲማቲም ያነሳሉ። ይህን ሁሉ ዓመት የማንበላውን ስንከፍል ኖረናል። ዶላሩ ባይወርድ ኖሮ ገና እንከፍል ነበር።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ኤልያስ የሚባል የዚያው አገር ክርስቲያን ነው፤ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ እንተዋወቃለን። ደወልኩለት። ቁርሱን ሰርዝልኝ፣ ሂሳቡን ቀንስልኝ አልኩት።

ቁርስ ከአልጋው ጋር የሚሄድ ነው፣ አይነጠልም አለኝ።

«ሰዎቼ ጠዋት ሲበሉ አይተህ ታውቃለህ?»

አላየሁም፣ እንዲያውም ወጥ ቤቴ ሁልጊዜ እነዚህ ሰዎች በምንድን ነው የሚኖሩት ብሎ ይጠይቀኛል አለ።

«እንግዲያው እራቱን ሰርዝ። ቁርሱን ማታ አቅርብልን። እንቁላልና አይብ አትድከም፤ ዳቦ፣ ወይራ፣ ቲማቲም፣ ሰሊጥ ያለበት ነገር ካለህ፣ የተፈጨ ሽምብራ። በቃን።»

ቁርስን ማታ አቅርቤ አላውቅም አለ። እኔም ዶላር ሲወርድ አይቼ አላውቅም ነበር አልኩት። ሳቀ። ሰው ከሳቀ በኋላ ዋጋ መጨቃጨቅ ቀላል ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ፤ የፋሲካ ዕለት ጠዋት እንቁላሉም፣ አይቡም፣ ያለው ሁሉ ይውጣ አልኩት። ተስማማ።

የተሰረዘው እራት ከጎደለው አብዛኛውን ሸፈነ። የቀረውን ከአውቶቡሱ አመጣሁት። ስቅለት ዕለት ሰዎቼ ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ ይውላሉ፤ አውቶቡሱ ግን ውጭ ቆሞ ይቆጥርብናል። ያንን ቀንና ሌላ አንድ ቀን ሰረዝን። ብሩክ ሂሳቡን በኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ አሰላው።

«ጋሼ፣ ገጠመ!» አለ። ወዲያው ስልኩን አንስቶ መጀመሪያ ለእትዬ ዘነበች ደወለ። ይቅርታ ሲጠይቅ የተጠቀመው አማርኛ ብቻ ነበር።

ሄድን። የመጀመሪያው ማታ እትዬ ዘነበች ወይራ ፍሬ በሁለት ጣታቸው አንስተው አገላበጡ። «ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ የሚዋጠው?» አሉኝ። ፍሬ እንደሆነ ነገርኳቸው። ቀምሰው ፊታቸውን አኮማተሩ፤ ደግመው አነሱ። ከሳሊተ ምሕረት በፌስታል ያመጡትን በሶ አወጡና ለጠረጴዛው ሁሉ አካፈሉ።

የተሳላሚዎቹ የኪስ ዶላር ግን ከእኔ ሥልጣን ውጭ ነበር። በአሮጌው ከተማ አንድ የጧፍ ሻጭ አለ፤ በፊት ዶላር ሲያይ ወንበር ይስብልን ነበር። ዘንድሮ ዶላሩን አይቶ እጁን አወዛወዘ፤ ሼቀል አላችሁ? አለ።

እትዬ ዘነበች በአማርኛ ተቆጡ። «ዶላር እኮ ነው! እኛ አገር ይሄን ብታሳይ እኮ ሰፈሩ ይከተልሃል!»

ሰውየው አማርኛ ባያውቅም ነገሩ ገብቶታል። በዶላር ከሆነ ዋጋው ይሄ ነው ብሎ በጣቱ አሳየን። ከዓምናው ከፍ ያለ ነው። ተሳላሚዎቹ ለየጎረቤቱ አንዳንድ እስር ጧፍ ሊገዙ አስበው ነበር፤ አልበቃቸውም። እትዬ ዘነበች ጥቂት አሰቡ። ሽንኩርት ሻጭ አይደሉ? ከተሳላሚዎቹ ሦስት ሴቶች ጠርተው ገንዘባቸውን አዋጡና አንድ ትልቅ እስር ገዙ። ማሰሪያውን ፈተው ጧፎቹን አንድ በአንድ ተከፋፈሉ። «ለአንድ ቤት አንድ ጧፍ ይበቃል» አሉ። «በረከት በኪሎ አይመዘንም፤ እኔ መዛኝ ነኝ፣ አውቃለሁ።»

ወደ ጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ደረጃ ይበዛዋል። በአንድ እጄ ጃንጥላዋን ይዤ በሌላው እሳቸውን ደገፍኩ። መሐል ላይ ቆሙ።

«ደከመዎት?»

«እኔ አይደለሁም፤ እርስዎ ነዎት የሚያለከልኩት። ልያዝዎት?»

ያዙኝ። ገባን። ተንበርክከው ከተሳለሙት ድንጋይ ሲነሱ ጉልበታቸውን አላሻሹም፤ ወይ ረስተውት ነው፣ ወይ ሌላ ነው፤ እኔ አልጠየቅሁም።

የፋሲካ ጠዋት ኤልያስ ቃሉን ጠበቀ። ስንት ዓመት በዓይኔ ብቻ የበላሁትን እንቁላል በአፌ በላሁት፤ ሆዴ እስከ ቦሌ ድረስ ወቀሰኝ።

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሐጂ ይማም በልጁ መኪና መጥቶ ጠበቀን። እትዬ ዘነበች ከቦርሳቸው በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡት፤ የሆቴሉ ወይራ ነው። «መጀመሪያ አይጣፍጥም፤ አይቁሙ፣ ይቀጥሉ» አሉት።

በዚያው ሳምንት ብሩክ የከርሞውን ውል ይዞ መጣ። በምን ገንዘብ እንፈርም አለኝ። ዋጋውን ራሱ በሼቀል እንንገር፤ ተሳላሚውም ምንዛሪው እንደሚለወጥ አስቀድሞ አውቆ ይክፈል አልኩት። ብዕሩን አልሰጠሁትም፤ የራሱን አወጣ።

በዚህ ሥራ ላላችሁ፦ የጉዞ ሂሳብ መንገደኛው በሚያድርበት አገር ገንዘብ ይሠራል እንጂ ባንካችሁ ደጃፍ ባለው ሰሌዳ አይሠራም። ሂሳቡ ከጎደለ መጀመሪያ የሚሰረዘው ማንም የማይበላው ምግብ ነው፤ ሰው አይደለም።