ከኦፔሏ ጣሪያ ቆዳ ሥር

አቃቂ ውስጥ የመኪና ወንበር የሚያለብስ ሰው ሲፈለግ ወደ ሀይረዲን ነው የሚኬደው። በልጅነቱ ከስልጤ መጥቶ፣ ቃሊቲ ለሚያድሩ የጭነት መኪኖች ሸራ ሲሰፋ አረጀ። ቃሉ እንደ ስፌቱ ጠበቅ ያለ ነው ይሉታል። ይህን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

ትሕትና አልነበረም። በ1974 ዓ.ም. ክረምት፣ ገና ሃያ ዓመቱ ላይ ሳለ፣ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛው አቶ ወልደሚካኤል የኦፔላቸውን ጣሪያ ቪኒል የሚሉትን ጥቁር የፕላስቲክ ቆዳ እንዲያለብስላቸው አመጡ። ከኋላው መስተዋት በላይ፣ በቀኝ ጥግ፣ ዕቃ መጫኛው ፖርቶመጋላ ቆሞበት የነበረው ቦታ ዝጎ አውራ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አውጥቶ ነበር። አጠገቡ የመኪና አካል የሚጠግነው ባትላሜራ ሮሪሳ፣ "ከምሳ መልስ እበይደዋለሁ፤ እንዳትነካው" ብሎት ሄደ። በማግስቱ የአቶ ወልደሚካኤል ልጅ ክርስትና ነው፤ ሮሪሳ ደግሞ ቀረ። ሀይረዲን ቸኮለና ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ቆዳውን ለጠፈበት። ባለመኪናው "ተበይዷል?" ሲሉት፣ "ወላሂ ተበይዷል" አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ወላሂ ብሎ አያውቅም። ደንበኛ ማልልኝ ቢለው ሥራውን ያሳየዋል።

ባለፈው ሰኔ ያቺው ኦፔል ከሱቁ ደጃፍ መጥታ ቆመች። የነዳቻት ፍቅርተማርያም ናት፤ ያኔ ክርስትና የተነሣችው ሕፃን። ቆዳው በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ተቆልምሟል።

"ጋሼ ሀይረዲን፣ አባዬ ሳያርፍ 'ይቺን ጣሪያ ከሀይረዲን በቀር ማንም እንዳይነካት' ይል ነበር" አለችው።

ሀይረዲን እሺ ከማለት በቀር ምን ይበል? የኒኬል ክፈፉን ፈታ፤ የኋላውን መስተዋት ከነጎማው አወጣ። ፀሐይ የድሮውን ማስቲሽ እስክታለሰልስለት ጠብቆ ከፊት ወደ ኋላ ይልጥ ጀመር። ቀኝ ጥጉ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ።

ሮሪሳ ዓይኑ ስለደከመ ብየዳ ትቷል፤ የሚውለው እዚያው ደጃፍ፣ ከአሮጌ የመኪና ወንበር ላይ ነው። "ምነው፣ እንደ ጥጃ ታሻሻታለህ? ዝናብ ሳይመጣ ላጣት እንጂ!" አለው።

ሀይረዲን ቢላዋውን አስቀመጠ። "ፍቅርተ፣ ልጄ፣ ሳልከፍተው ስሚኝ። ለአባትሽ በሐሰት ምዬላቸዋለሁ። እዚህ ሥር ቀዳዳ አለ፤ አልተበየደም።"

ፍቅርተማርያም ጥጉን ለማየት ጠጋ አለች። ሮሪሳ ግን ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየለት ድምፅ አወጣና "ክፈተው" አለ።

ከፈተው። ቀዳዳ የለም። መዳፍ የምታክል ላሜራ ዙሪያዋን ተበይዳ፣ ተሞርዳ፣ ቀይ የዝገት መከላከያ ተቀብታ ተቀምጣለች። ቆዳው ወደ ውስጥ በታጠፈው ጥጉ በኩል ተተርትሮ በጫማ ክር እንደገና ተሰፍቷል፤ ስፌቱም የፍየል ዱካ ይመስላል።

"ይሄን ማን ሰፋው?"

"እኔ ነኝ። ምን አጠፋሁ?" አለ ሮሪሳ። "የክርስትናው ማግስት አቶ ወልደሚካኤል ይዘዋት መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዝናብ ጥሎ፣ ውሃው በዚህ ሾልኮ እናቷ እቅፍ ውስጥ ሕፃኗ ፊት ላይ ጠብ ይላል። 'ልጄ በአንድ ቀን ሁለቴ ተጠመቀች' እያሉ ሲስቁ ነበር። አንተ ክር ልትገዛ መርካቶ ወርደሃል። ልጥራው ስላቸው፣ 'ተወው፣ ልጅ ነው፣ አይፈር፤ እንዳትነግረው' ብለው አስማሉኝ።"

"አርባ ሦስት ዓመት አብረን ተቀምጠን!"

"አልጠየቅከኝማ!"

"እንዴት ብዬ ልጠይቅህ?"

"እኔስ እንዴት ብዬ ልንገርህ? እንደ አንዳንድ ሰው በመሐላ አልጫወትም።"

ፍቅርተማርያም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "እናቴ 'ሁለቴ የተጠመቅሽው' የምትለኝ ለዚህ ነው? እኔ እኮ በመስኮት የገባ ዝናብ ነው የሚመስለኝ!"

ሀይረዲን ወዲያው አልሳቀም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለና፣ ኩንታል ከጀርባው እንደወረደለት ወዛደር ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ለካ አቶ ወልደሚካኤል ውሸቱን እያወቁ ነው ከእሱ በቀር ማንም እንዳይነካት ሲሉ የኖሩት።

የድሮውን ሙጫ በቤንዚን አጥቦ፣ ጣሪያውን ፍቆ፣ የዝገት መከላከያ ቀብቶ አሳደረው። በማግስቱ በጠመኔ የታሸ ክር ወጥሮ መሐሉን አሰመረ፤ ላሜራውንም አዲሱን ቆዳም ማስቲሽ ቀባ። ጣት ሲነካው የማይዝ ሲሆን ከመሐል ወደ ዳር በመዳፉ እየገፋ አስተኛው። አንዲት መጨማደድ አልታየችበትም። የቀኝ ጥጉን ብቻ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አየው።

ፍቅርተማርያም መኪናዋን ልትወስድ የመጣች ዕለት ወደ ማታ ዝናብ ወረደ። ሽማግሎቹን ቤታቸው ላድርሳችሁ አለች። ሮሪሳ ከፊት ገባ፤ ሀይረዲን ከኋላ፣ በቀኝ በኩል፣ ከዚያች ጥግ ሥር ተቀመጠ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ የአቃቂን ድልድይ እስኪሻገሩ አላወረደውም።

"እህ፣ ጠብ አለ?" አለ ሮሪሳ ሳይዞር።

ሀይረዲን ደረቅ መዳፉን አየው።

"ወላሂ፣ ጠብ አላለም።"