ፊዚክስ ከማን ጋር

ፀጉር ሠሪዋ ትምህርቷን ያቋረጠችው የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ነበር። ልጆቿ ራሳቸውን ሲችሉ የመሰናዶ ፊዚክስን በኢንተርኔት ልትጨርስ ተመዘገበች። ደንበኛዋ ካስክ ውስጥ ገብታ ፀጉሯ እስኪደርቅ፣ እሷ ስልኳን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ትማራለች።

አንድ ቀን የቪዲዮው መምህር ማግኔት እንዴት ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር ሲያስረዳ፣ ቀመሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ጨመረ። "ይህቺ ግልጽ ናት" ብሎም አለፈ። ለእሷ ግን ፈጽሞ ግልጽ አልነበረችም። ደጋግማ ብታየውም ሰውዬው ያንኑ ይላል። "ምልክቷ ከየት መጣች?" ብላ ድረ ገጹ ላይ ጻፈች። "ቪዲዮውን ደግመው ይመልከቱ" የሚል መልስ ወዲያው መጣ። እንደገና ብትጽፍም መልሱ ያው ሆነ።

ብስጭቷ ጣራ ሲነካ ወደ ተመዘገበችበት ትምህርት ቤት ደወለች።

"መምህሩን አገናኙኝ፤ አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት።"

"እሱ እኮ ከለቀቀ ቆየ፣ እህቴ" አለች ስልኩን ያነሳችው ልጅ። "ቪዲዮው ነው የቀረው።"

"ታዲያ የሚመልስልኝ ማነው?"

"ኮምፒውተሩ ነዋ!"

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ታላቅ እህቷ ናት። "ብዬሽ ነበር፤ በዚህ ዕድሜሽ ምን አደከመሽ?" አለቻት።

"እትዬ፣ በናትሽ ተይኝ! ከማሽን ጋር ስጨቃጨቅ ከርሜያለሁ!" ብላ ስትጮህ፣ ደንበኛዋ ደንግጣ ከካስኩ ብቅ አለች።

ፈተናውን እንደ ምንም አለፈች። እህቷ እልል ስትል እሷ ፊቷ አልተፈታም፤ ያልገባትን ይዛ ማለፏ አንገብግቧታል። ለቀጣዩ ክፍል ከመመዝገቧ በፊት ደውላ፣ የሚጠየቅ ሰው መኖሩን ጠየቀች። "ላጣራና እደውላለሁ" ተባለች። እስካሁን የደወለላት የለም።